ስለሚቻለውና ስለማይቻለው ነገር

በአማኑኤል ደብር በኢዮቤልዩ በዓል ለተሰበሰቡ ካህናትና ምእመናን የተነገረ ቃል



ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከሕፃንነቱ ጀምሮ እስከ ሽምግልናው ድረስ ሁለት ቃላት ከአፉ አይለዩም። አንደኛው «ይሆናል» የሚለው ነው፤ ሁለተኛውም «አይሆንም» የሚለው ነው። ገበሬው ሰማዩን አይቶ ጤፉ ዘንድሮ ይሆናል ወይም አይሆንም ይላል። ሽማግሌው ሁለት ደመኞችን ለማስታረቅ ተቀምጦ የአንዱን ፊት ካየ በኋላ ዕርቁ አይሆንም ብሎ ይነሣል። ቃሉ ዕለት ዕለት ስለሚነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን «አይሆንም» ተብሎ የተፈረደበት ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከምድጃ ዳር ተቀምጦ ሊቀር ይችላል፤ ያለ አገባብ «ይሆናል» የተባለለትም ሰው ከብቱን ሸጦ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። እንግዲህ ነገሩን ጥቂት መመርመር ለበዓል ቀንም ቢሆን የሚከፋ አይደለም።

በዛሬው ዘመን በከተማው ሁሉ «ሰው ከቈረጠ የማይችለው ነገር የለም» የሚል ትምህርት በመጽሐፍም በመድረክም በዝቷል። ለሚሰማው ጆሮ ደስ ያሰኛል፤ እውነት ግን አይደለም። ሰው ቢቈርጥም ትናንትን መልሶ አያመጣም፤ የቀበረውን ልጁን ከመቃብር አያስነሣም፤ ከአፉ የወጣውን ክፉ ቃል ከሰሚው ጆሮ አያወጣም። የዚህ ትምህርት ክፋቱ የማይሆነውን ተስፋ መስጠቱ ብቻ አይደለም፤ ያልተሳካለትን ምስኪን «ስላልቈረጥህ ነው» ብሎ በደረሰበት መከራ ላይ ሁለተኛ ክስ መጨመሩ ነው። በባላገር ደግሞ ተቃራኒው ይበረታል፤ «የተጻፈበት ነው፥ ዕድሉ ነው» ተብሎ ሊሆን የሚችለው ነገር ሳይሞከር ያልፋል። ሁለቱም ስሕተት ከአንድ ምንጭ ይቀዳል፤ ይኸውም የሚቻለውን ከማይቻለው የሚለየው ድንበር የት እንዳለ ሄዶ ሳያዩ ከቤት ተቀምጦ መፍረድ ነው።

ድንበሩን ለማየት ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ የጎጃም ምድር ራሷ ምሳሌ አላት። አለቃ አያሌው ታምሩ በ1915 ዓ.ም. በዚሁ በጎጃም ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ ፈንጣጣ ያዛቸውና የሁለቱም ዐይናቸው ብርሃን ጠፋ። በዚያ ዘመን በባላገር ቤት ዐይኑ የጠፋ ልጅ ምን እንደሚሆን የማያውቅ አልነበረም። ማረስ አይችልም፤ ከብት መጠበቅ አይችልም፤ ዘመቻ ቢታወጅ አይዘምትም። ደግ ወላጅ ካለው ከቤት ይቀመጣል፤ ከሌለው ከደጀ ሰላም ተቀምጦ ይለምናል። ይህ ልጅ ግን አድጎ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አንዱ ሆነ። የሊቃውንት ጉባኤ ሰብሳቢ ሆነው አገለገሉ፤ መጻሕፍትም አሳተሙ። የተናገሩት ብዙ ክርክር ያስነሣባቸው ጊዜ ነበረ፤ ሲናገሩ ዝም ብሎ ያለፋቸው ግን አልነበረም። በ1999 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ «እነሆ፥ ፈቃድ ካለ ሁሉ ይቻላል» ይላል። ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም። በፈቃድ ጽናት ብቻ የሚሆን ቢሆን ኖሮ አስቀድሞ ዐይናቸው በበራ ነበር። ፈቃድ ያነሳቸው ሰው አልነበሩም፤ ከ80 ዓመት በላይ ሲኖሩ ግን ዐይናቸው አልበራም። እንግዲህ አንደኛው በር ተዘግቶ ሳለ ሁለተኛው እንዴት ተከፈተ ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱም በእርሳቸው ብርታት ብቻ አይገኝም፤ የተማሩበት ትምህርት ቤት እንዴት ያለ እንደ ነበረ በማየት ይገኛል።

የአብነት ትምህርት የጆሮና የልብ ትምህርት ነው። እዚህ ያላችሁ ካህናት በደበሎ ያሳለፋችሁት ስለሆነ ለእናንተ መንገር ለባለቤቱ ስለ ቤቱ መንገር ይመስላል፤ ነገር ግን የዛሬ ልጆች አያውቁትምና ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ዜማው በቃል ይጠናል። የመጽሐፉ ትርጓሜ ከመምህሩ አፍ ወደ ደቀ መዝሙሩ ጆሮ ይተላለፋል። ቅኔውም መምህሩ ሲዘርፍ እየተሰማ፥ ግሱም በቃል እየተወረደ፥ ሌሊት በጨለማ ይጠናል። በጨለማ በሚጠና ትምህርት ዐይን ያለው ከሌለው ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፥ በዲማም ሆነ ለአማኑኤል ጎረቤት በሆነችው በደብረ ኤልያስ፥ በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ዐይነ ስውር ተማሪ ማየት እንግዳ ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም ከዐይናሞቹ በልጦ መምህር የሆነ ጥቂት አይደለም። ያን ቤት የሠሩት አባቶች ለዐይነ ስውራን ብለው አልሠሩትም ይሆናል። ብራና ውድ ነበር፥ መጽሐፍም ጥቂት ነበር፤ ስለዚህ ሰውን መጽሐፍ አደረጉት። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ሳይታሰብ አንድ በር ተከፍቶ ተገኘ።

የዚህም ማስረጃ በሌላ ወገን ይታያል። ጥቁር ሰሌዳና የታተመ መጽሐፍ ያለው አዲስ ትምህርት ቤት በመጣ ጊዜ ለብዙው ልጅ ብርሃን ሆነ፤ ለዐይነ ስውሩ ልጅ ግን መጀመሪያ የተዘጋ ቤት ነበር። የልጁ አእምሮ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቤቱ ነው። በአውሮፓም እንዲሁ ነበረ። ሉዊ ብራይ የተባለው ፈረንሳዊ በሦስት ዓመቱ ከአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት በስለት ዐይኑን ተወግቶ ታወረ፤ አድጎም በጣት ዳሰሳ የሚነበበውን የነጥብ ፊደል አውጥቶ በ1829 እ.ኤ.አ. አሳተመ። እርሱም ዐይኑን አላበራም፤ ንባብን ወደ ጣት አመጣው እንጂ።

ወደ ጉባኤ ቤቱ እንመለስ። ዐይነ ስውሩ ተማሪ ትምህርቱን በጆሮው ይቀበላል፤ እንጀራውን ግን በጆሮው አያገኝም። አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከቤት ወደ ቤት መዞር አለበት፤ በመንገዱም ገደል አለ፥ ወንዝ አለ፥ ከሁሉ ይልቅ ውሻ አለ። ስለዚህ አንድ ልጅ የበትሩን ጫፍ ይዞ ይመራዋል። ይህ መሪ ብዙ ጊዜ ታናሽ ተማሪ ነው፤ ቀን እርሱ ዐይን ሆኖት ይውላል፥ ማታም ታላቁ ያጠናውን ለታናሹ ያስቀጽለዋል። በሊቃውንት ታሪክ የሊቁ ስም ይጻፋል፤ የበትሩን ጫፍ የያዘው ልጅ ስም አይጻፍም። ቁራሽ ያልከለከለችው ሴት ስምም አይጻፍም። ነገር ግን ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል፥ ማለት መምህሩ ወይም መሪው ወይም ቁራሽ ሰጪዋ ባይኖሩ፥ የልጁ ብርታት ብቻውን የት ያደርሰው ነበር? እንግዲህ «እርሱ ቻለ» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ «እነርሱ አስቻሉት» ማለት ነው።

ስለ ቅኔም አንድ ቃል እዚህ ላይ መጨመር ይገባል፤ ከነገሩ የራቀ ቢመስልም አይርቅም። የቅኔ ተማሪ ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ዕለት ዕለት አዲስ ቅኔ ይቈጥራል። ትናንት የተባለውን ዛሬ ቢደግም ያፍራል፤ ስለዚህ ማንም ያላለውን ማግኘት አለበት። ይህ በራሱ የማይቻል ይመስላል። ነገር ግን እንደ ፈቀደ አይናገርም፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፥ መወድስ ስምንት ቤት ነው፥ ዜማውም ልኩን ይዞበታል። ከልኩ ቢወጣ መምህሩ ቅኔህ ተሰበረ ብሎ ይመልሰዋል። ልኩን የሚጠላ ጀማሪ ተማሪ ነው፤ የበሰለው ግን ልኩ ባይኖር ኖሮ ምሥጢሩን ባላገኘው ነበር ይላል። ሰውም በተሰጠው ልክ ውስጥ ሆኖ አዲስ ነገር ይቈጥራል፤ ስምንቱን ቤት ዘጠኝ ማድረግ ግን አይችልም።

አሁን ደግሞ የእኚያን ሕፃን ዐይን ወደ ወሰደው ወደ ፈንጣጣ እንመለስ፤ የነገሩ ሁለተኛ ፊት በዚያ ይታያልና። ፈንጣጣ እንደ ድርቅና እንደ አንበጣ የሰው ልጅ የዘላለም ዕዳ ተደርጎ ይቈጠር ነበር። ከብርቱው ዓይነት ፈንጣጣ ከያዛቸው ሰዎች ከ10 ሦስት ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ የዳኑትም ፊታቸው ጠባሳ ይሆናል፥ የአንዳንዱም ዐይን ይጠፋል። የአገሩ ሰው ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ከሕመምተኛው ቁስል ወስዶ የጤነኛውን ክንድ ጭሮ በማስያዝ በሽታውን በቀላሉ ማሳለፍን ያውቅ ነበር፤ ሲሳካ ሰውየው በጥቂቱ ታሞ ይድናል፤ ሳይሳካ ግን ይሞታል፥ ለጎረቤቱም ያስተላልፋል። በእንግሊዝ አገር ኤድዋርድ ጄነር የተባለው ሐኪም በ1796 እ.ኤ.አ. የላም ፈንጣጣ የያዘው ሰው የሰው ፈንጣጣ እንደማይዘው ፈትኖ ካሳየ በኋላ ክትባት ወደ ዓለም ወጣ። እንዲህም ሆኖ መድኃኒቱ ከታወቀ በኋላ ከመቶ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ አልፎ አንድ የጎጃም ሕፃን በዚሁ በሽታ ታወረ። መድኃኒቱ በዓለም ላይ ነበረ፤ ከልጁ ቤት ግን አልደረሰም። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር የተቻለው በጎጃም የማይቻል ሆኖ ቆየ።

በ1963 ዓ.ም. ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ የማጥፋት ሥራ ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ይሳካል ብለው ያልጠበቁ ዐዋቂዎች ብዙ ነበሩ፤ ምክንያትም ነበራቸው፤ የሚበዛው ሕዝብ ከመኪና መንገድ ርቆ በተራራና በቈላ ተበትኖ ይኖር ነበርና። ሠራተኞቹ፥ ኢትዮጵያውያንና ከውጭ የመጡ ወጣቶች፥ በእግርና በበቅሎ፥ ኋላም በሄሊኮፕተር ዞሩ። ሕዝቡን ሁሉ ከትቦ መጨረስ እንደማይሆን ዐውቀው ሌላ ዘዴ ያዙ። የታመመ ልጅ ሥዕል ያለበትን ካርድ ይዘው በገበያና በትምህርት ቤት «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ወደ ተባለው መንደር ይሄዳሉ፤ በሕመምተኛው ዙሪያ ያለውን ሰው ሁሉ ይከትባሉ፤ በሽታውም የሚሻገርበት አጥቶ በዚያው ይሞታል።

በደጋው አገር ክትባቱን የሚሸሽና የሚቃወም ሰው ብዙ ነበር። በዚህ ማፌዝ አይገባም። በጎጃም የ1960 ዓ.ም. የግብር አመፅ ትዝታ ገና ባልበረደበት ጊዜ ከመንግሥት የመጣ እንግዳ ሰው «ክንድህን ስጠኝ» ቢለው ባላገሩ ቢጠራጠር ምን ያስደንቃል? የቀድሞውም ክትባት አንዳንዱን መግደሉን አይቷል። ነገር ግን ይህ በሽታ የአንዱን ቤት እንቢታ ለአንዱ ቤት ብቻ አያደርገውም፤ አንድ ሰው የከለከለው ክንድ የጎረቤቱን ልጅ ዐይን ሊያጠፋ ይችል ነበር። በመጨረሻ ግን ከዚያው ከባላገሩ መካከል «በዚያ ማዶ የታመመ አለ» ብሎ የሚጠቁም ተገኘ፤ ይህ ጥቆማ ባይኖር ሄሊኮፕተሩ ብቻውን ምንም ባልፈየደ ነበር።

በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ ተገኘ። በጥቅምት 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የዓለም የመጨረሻ ሕመምተኛ ተገኝቶ ዳነ። ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. የዓለም የጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር ሁሉ መጥፋቱን ዐወጀ። ያን ጊዜ አለቃ አያሌው የ57 ዓመት ሰው ነበሩ። ዐይናቸውን የወሰደው በሽታ ከዓለም ጠፋ፤ የወሰደውን ግን አልመለሰም። የሚቻለውና የማይቻለው ነገር በአንድ ሰው ሕይወት እንዲህ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታያሉ፤ አንዱም ሌላውን አያስተባብልም።

ብዙ ሰው ተባብሮ የማይቻለውን እንደሚያስችል የጎጃምና የበጌምድር ሰው ከሰባራ ድልድይም ያውቀዋል። በሞጣ በኩል ባለው የዓባይ መሻገሪያ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ አለ። በጣልያን ወረራ ዘመን የመካከሉ ቅስት ፈረሰና ስሙ ሰባራ ድልድይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ገበያተኛው፥ ለቅሶ ደራሹ፥ ሕመምተኛው ሁሉ በክፍተቱ ላይ በገመድ እየተሳበ ተሻገረ፤ ከወዲህ ማዶ ዐሥር ያህል ሰዎች ገመዱን ይይዛሉ፥ ከወዲያ ማዶም እንዲሁ፤ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ ከጥልቁ በላይ ይንጠለጠላል። ከታች ዓባይ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ምን ቢበረታ በዚያ አይሻገርም። ገመዱን የያዙት ግን ከሌላው ሰው የተለዩ ጀግኖች አልነበሩም፤ ነገ እነርሱም የሚሳቡ መንገደኞች ናቸው።

ይህን የመሰለ አሻጋገር የሚያሳይ ፎቶግራፍ በ1993 ዓ.ም. ገደማ በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ወጥቶ ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ተመለከተው፤ በ1994 ዓ.ም. መጥቶም ከአገሩ ሰዎች ጋር ክፍተቱን በብረት አገናኘው። ከ60 ዓመት በላይ «አይሆንም» የተባለው ነገር በጥቂት ወራት ተፈጸመ። ወንዙ ግን አልተኛም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ያን ብረት ጠራርጎ ወሰደው፤ ስለዚህ በሌላ ጊዜ ከጎርፉ ከፍ ብሎ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራ። የዓባይን ጎርፍ ማስቀረት አልተቻለም፤ ከጎርፉ በላይ መሄድ ተቻለ።

አሁን ከሩቁ ነገር ወደ ቅርቡ፥ በየቤቱ ወደ ተቀመጡት እናቶችና አባቶች እንምጣ። ፈንጣጣ ቢጠፋም ዕውርነት አልጠፋም። በ1998 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያ በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ምርመራ ከዕውራኑ ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዐይን ሞራ መሆኑ ታወቀ። ሞራ ማለት በዐይን ውስጥ ያለው እንደ መስተዋት የጠራ አካል ሲደፈርስ ነው። ሐኪሙ የደፈረሰውን አውጥቶ ሰው የሠራውን የጠራ መስተዋት በስፍራው ይተካል፤ ሥራው አንድ ሰዓት እንኳ የሚፈጅ አይደለም፤ ሌላ ደዌ ካልተጨመረበት በቀር ሰውየው ያያል። እንግዲህ በዚህ ደጋ «እርጅና ነው» ተብለው ከምድጃ ዳር ከተቀመጡት አሮጊቶች መካከል የልጅ ልጆቻቸውን ፊት ማየት የሚችሉ አሉ ማለት ነው። ለእነርሱ የተነገረው «አይሆንም» የእግዚአብሔር ፍርድ አይደለም፤ የሰው ቸልተኝነት ነው።

ሁለተኛው ትራኮማ ነው፤ ከኢትዮጵያ ክፍሎች ሁሉ የአማራ ክልል በዚህ በሽታ እጅግ የተጎዳ ነው። ይህ ከሕፃናት ዐይንና አፍንጫ በእጅ፥ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል፤ ስለዚህ ልጅ ታቅፈው የሚውሉ ሴቶችን ከወንዶች ይልቅ ይጎዳል። ሲደጋገም የዐይኑ ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ሲፍቀው ይኖራል። በአንገቷ ወረንጦ አንጠልጥላ ጸጉሩን የምትነቅል እናት ያላየ ሰው በዚህ ጉባኤ የለም። ነቅላ ጥቂት ቀን ታርፋለች፤ ጸጉሩም ተመልሶ ይበቅላል። በዚህ ደረጃ ሳለች ቆቡን ቀጥ የሚያደርግ ቀላል ቀዶ ሕክምና አለ፤ ዐይኗም ይተርፋል። ብሌኑ ጠባሳ ከሆነ በኋላ ግን ይኸው ሕክምና ሕመሙን ያስቀራል እንጂ የጠፋውን ብርሃን አይመልስም። ያን ጊዜ የሚቀረው ከሞተ ሰው የተለገሰ ብሌን መተካት ነው፤ ይህም በአዲስ አበባ የዐይን ባንክ ከተቋቋመ ወዲህ ለአንዳንዶች ተችሏል፥ ለሁሉ ግን አይደርስም። ስለዚህ በአንዲቱ ሴት ዐይን ላይ እንኳ ድንበሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዘንድሮ የሚቻለው ለከርሞ የማይቻል ይሆናል።

«ጸበል እያለ ሐኪም ለምን?» የሚል ሰው ቢኖር፥ ጸበሉን የሚያጠምቁ አስተዋዮች አባቶች ራሳቸው ሕመምተኛውን ከሐኪም እንደማይከለክሉ ማስታወስ ይበቃል። ፊቱን በየጠዋቱ የሚታጠብ ሕፃን ከትራኮማ ይርቃል፤ ለዚህም ውኃ መቅዳት እንጂ ሌላ ሊቅነት አያስፈልግም።

በመሪጌታዎችና በመምህራን ዘንድ የዕውርነት ምክንያት ሳይጠየቅ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎ ማለፍ የቆየ ትሕትና ነው። ነገር ግን ከዚህ በዓል በኋላ ካህኑ ጸበል ሊረጭ ወይም የንስሐ ልጆቹን ሊጠይቅ ወደየቤቱ ሲገባ፥ ከጥግ የተቀመጡትን አሮጊት «ዐይንዎን የጋረደው ነጭ ነገር ነው ወይስ የሚወጋ ጸጉር? ከመቼስ ጀምሮ ነው?» ብሎ ሊጠይቃቸው ይችላል። ሞራ ይሁን ወይም ጠባሳ የሚለየው ሐኪሙ ነው፤ ካህኑ ግን ጥያቄው ከቤቱ ውስጥ እንዲነሣ ያደርጋል። መልሱ ከታወቀ በኋላም አንድ ነገር ይቀራል። አሮጊቷ ብቻቸውን ወደ ደብረ ማርቆስ መኪና አይሳፈሩም፤ የሚታከሙበትን ቀን የሚጠብቅላቸው፥ ከበሩ እስከ አልጋው የሚያደርሳቸው ሰው ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ቤት ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ወጣት አለ፤ የበትሩም አንድ ጫፍ ባዶ ነው።